ዩኒክስን ቤት ለማስገባት ስንት ያስወጣ ነበር?

በ1991 ጃንዋሪ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ለገና እና ለልደቱ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ኮምፒውተር ገዛ። ዕድሜው 21 ነበር። ዋጋው ከነወለዱ 18,000 የፊንላንድ ማርካ፣ በዶላር 3,500 ገደማ ነው። ሲሶውን ከፍሎ ቀሪውን በሦስት ዓመት ሊከፍል ተስማማ።

ለዚህ ሁሉ ዕዳ ያገኘው 33 ሜጋኸርትዝ የሚሮጥ 386 ፕሮሰሰር እና 4 ሜጋባይት ራም ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ያንን ራም ሊሞላው ይችላል።

ልጁ የፈለገው ዩኒቨርሲቲ የለመደውን ዩኒክስ ቤቱ ማግኘት ነበር። ችግሩ ግን ማሽኑን ገዝቶም አላለቀም።

ዩኒክስ በ1969 በኤቲ ኤንድ ቲ ቤል ላብስ ሲወለድ፣ ኩባንያው በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው ስምምነት ከስልክ ውጭ ወዳለ ንግድ እንዳይገባ ታግዶ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን ከነምንጭ ኮዱ ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ክፍያ ይሰጥ ነበር። በ1984 ኩባንያው ሲከፋፈል እገዳው ተነሣ፤ ዩኒክስም ሸቀጥ ሆነ። ማሽኑ በየዓመቱ ሲረክስ ፈቃዱ ከተማሪ ኪስ ራቀ።

የቀረው አማራጭ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ለማስተማሪያ የሠሩት ሚኒክስ ነበር። እሱም 169 ዶላር አስከፈለው፤ አሻሽሎ ለሌላ ማከፋፈልም አይፈቀድም ነበር።

ቶርቫልድስ የራሱን መጻፍ ጀመረ። በኦገስት 1991 ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች አሳወቀ፣ በ1992 መጀመሪያ ደግሞ ሊነክስን ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው በጂፒኤል ፈቃድ ለቀቀው። ተጠቃሚዎቹም ውለታውን አልረሱም፤ መዋጮ ሰብስበው የኮምፒውተሩን ቀሪ ዕዳ ዘጉለት።

በዚያው 1992 የኤቲ ኤንድ ቲ የዩኒክስ ክንፍ በበርክሌይ የተሠራው ነጻ ዩኒክስ ላይ ክስ መሠረተ። ክርክሩ በስምምነት የተቋጨው በ1994 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብዙ ሰው ባለቤትነቱ ወዳላወዛገበው ሊነክስ ሄደ።

በ2012 ራስበሪ ፓይ በ35 ዶላር ገበያ ወጣ። ስክሪን፣ ኪቦርድና ቻርጀር ለየብቻ ይገዛሉ። ቢሆንም ራሙ 256 ሜጋባይት ነበር፤ የቶርቫልድስን 64 እጥፍ። ለሶፍትዌሩ የሚከፈል አንድም ሳንቲም የለም።

ከ3,500 ወደ 35 ዶላር የወረደውን የማሽን ዋጋ ያረከሰው የፋብሪካዎች ውድድር ነው። የፈቃዱ ዋጋ ግን በውድድር ብቻ አልወረደም፤ በ1984 እንዲያውም ወጥቷል። ወደ ዜሮ ያወረዱት ሥራቸውን ለሕዝብ ለመልቀቅ የወሰኑ ሰዎች ናቸው። ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ እያነበባችሁ ከሆነ ከሥሩ የሚሠራው ያው ሊነክስ ነው።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም መንግሥት ኮምፒውተር ገዛሁ ሲላችሁ ሁለት ዋጋ ጠይቁ፦ ዕቃው ስንት ነው? ፈቃዱስ በማን እጅ ነው?