ሸቀጥ ወይስ ጥሪት፦ የጠመንጃ ስሞችና ግሶች

ጠመንጃ ያለው ሰው አንድ ቀን መምረጡ አይቀርም፤ ይሽጠው ወይስ ያኑረው? አማርኛ ሁለቱን መንገዶች ለይቶ ያውቃቸዋል። የመሣሪያዎቹ ስሞች አብዛኞቹ ከነጋዴና ከዘማች ጋር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። መሣሪያውን የማኖርና የመታጠቅ ግሶች ግን የአገር ቤት ናቸው።

ከአንጋፋው እንነሣ። «ነፍጥ» የዐረብኛው «ነፍጥ» ነው፤ ትርጉሙ ከመሬት የሚወጣ ተቀጣጣይ ዘይት ነበር። ሥሩ እስከ አካድኛ ይወርዳል፤ ግሪኮችም «ናፍታ» ብለው ወስደውታል። በማምሉኮች ዘመን በግብፅ ስሙ ከዘይቱ ወደ ባሩድ፣ ከባሩድም ባሩድ ወደሚተፋው መሣሪያ ዞረ። ወደ እኛ የደረሰው ይህ የኋለኛው ፍች ነው። ስለዚህ የመኪናው ናፍጣና የአርበኛው ነፍጥ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

«ጠመንጃ» ከቱርክኛው «ታባንጃ» በዐረብኛ «ጠበንጃ» በኩል የመጣ ነው። በ«በ» እና በ«መ» መካከል ያለው ርቀት የከንፈር ያህል ነውና «ጠበንጃ» «ጠመንጃ» ሆነ። በመካከሉ «ጠብመንጃ» የሚል አጻጻፍ ይገኛል፤ ጆሮ የባዕዱን ቃል በራሱ ሰዋስው ሲተረጉመው፣ «ጠብ» እና «ነዳ» ካለው ግስ የወጣው «መንጃ»፣ ጠብ የሚነዳበት ማለት ነው። ፍቺው ታሪካዊ ባይሆንም የሕዝቡን አስተያየት ይዟል። ቱርኩ «ታባንጃ» የሚለው አጭሩን፣ በአንድ እጅ የሚተኮሰውን መሣሪያ ነው፤ እኛ ግን ስሙን ለረጅሙ ሰጠነው። ለአጭሩ ደግሞ ከ«ሸጎጠ» «ሽጉጥ» ወጣለት፤ በወገብ የሚሸጎጥ።

የአበጀው ሰው ስም ወይም የተሠራበት አገር የመሣሪያው መጠሪያ የሆነበትም አለ። ጃኮብ ስናይደር የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ሠራዊት ጋር መቅደላ ደረሰ፤ በእኛ አፍ «ሰናድር» ተባለ። ቅርጹ ከግዕዙ የብዙ ቁጥር ከ«ደናግል» ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። መገጣጠሙ ድንገተኛ ነው፤ ባዕዱ ስም ግን በለመድነው ልክ ተሰፍቶ ቀረ። «ውጅግራ» የፈረንሳዩ መኮንን የግራ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ነው። የፊተኛው ክፍል «ፊዚ» ነው፣ ጠመንጃ ማለት። «ፊዚ» ራሱ ከላቲኑ «ፎኩስ»፣ ምድጃ ከሚለው ቃል ይወርዳል፤ በመጀመሪያ እሳት የሚያስነሣውን የባልጩት ብረት ይጠራ ነበር። «ምንሽር» የኦስትሪያዊው የማንሊኸር ነው። «በልጅግ» ግን ሰው አይደለም፤ ቤልጅየም ራሷ ናት።

እነዚህ ስሞች የገቡት በገበያ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ እንጦጦ የወጣው ለንግድ ነበር፤ ምኒልክ የከፈሉትም ራስ መኰንን ሐረር ላይ እንዲመነዝሩት በተጻፈ ወረቀት ነው። የውጅግራ ጥይት ራሱ ከአሞሌ ጨውና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን መገበያያ ሆኖ አገልግሏል፤ ሸቀጡ ዋጋም ሆነ። ግሱም ይህን ያውቃል። በግዕዝ «ሤጠ» ሸጠ ነው፤ «ተሣየጠ» ደግሞ ገዛ፤ መግዛትና መሸጥ ከአንድ ሥር ይበቅላሉ። አማርኛ «ሤጠ»ን «ሸጠ» አድርጎ ወሰደ። ለግዢው ግን «ገዛ»ን መረጠ፤ እሱም ገንዘብ ከፍሎ መውሰድንም፣ ሰውን ማስተዳደርንም ይዟል። «ለወጠ» የግዕዙ «ወለጠ» ነው፤ የመለዋወጥ ግስ ፊደሎቹን ራሱ ለዋውጧል።

የማኖርን ግሶች እንይ። «ነበረ» በግዕዝ ተቀመጠ ነው፤ «በ» ላልቶ «ኖረ» ወጣ። «አኖረ» እንግዲህ የግዕዙ «አንበረ» ነው፣ አስቀመጠ። «መንበር»ም ከዚሁ ነው። ጠመንጃውን ያኖረ ሰው በቤቱ መቀመጫ ሰጥቶታል። «ታጠቀ» ከወገብ ይጀምራል፤ መቀነት ያሰረም ታጥቋል። «ትጥቅ» መሣሪያ የሆነው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ስለዚህ ሲቀሙት «ትጥቅ አስፈቱት» ይባላል፣ የታሰረ ይፈታልና። የጥይት መታጠቂያው «ዝናር» ከሁሉ የራቀ መንገደኛ ነው፤ ከግሪኩ «ዞናሪዮን» በሶርያኛና በዐረብኛ አድርጎ ግዕዝ ሲደርስ የካህናት መታጠቂያ ነበር። ዛሬም ቅዳሴ ላይ ያው ነው፤ ጫካ ላይ ግን ጥይት ተደርድሮበታል።

የሚኖረው ነገር «ጥሪት» ይባላል፤ ከግዕዙ «አጥረየ»፣ የራሱ አደረገ፣ አፈራ። «ቅርስ»ም እንዲሁ ተቆጥቦ የቆየ ሀብት ነበር፤ በኋላ ትውልድ ለትውልድ የሚያወርሰውን ሁሉ ጨመረ። ከአያት የመጣ ውጅግራ ሁለቱም ነው። ቀለሃው ባዶ፣ ጥይቱ ከገበያ የጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ በዚህ ዋጋውን ይቀንሳል። ጥሪት ያለው ሰው ግን የሚመዝነው የመተኮሱን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማን ታጠቀው፣ የት ዘመተበት፣ በምን ስም ጠራው የሚለውም ከብረቱ ጋር ይኖራል፤ ብረቱ ለማያውቅ እጅ ሲሸጥ ግን ይህ አብሮ አይሄድም።

ሕጉም ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የያዘ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣና እንዲመዘገብ ያዝዛል። ግዕዙ «ዘገበ» ሰበሰበ፣ አከማቸ ነው፤ «መዝገብ»ም በመጀመሪያ የሀብት ጎተራ፣ ግምጃ ቤት ነበር፤ «መዝገበ ቃላት»ም የቃላት ግምጃ ቤት ማለት ነው። መመዝገብና ማኖር ከጥንት አንድ ሥራ ነበሩ። ስለዚህ መሣሪያውን የሚያኖርም ሆነ በሕግ አግባብ የሚያስተላልፍ ሰው ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ ቤተሰቡ የጠራበትን ስም ይጻፍ፤ «ሰናድር» ነው ወይስ «ምንሽር»፣ ከማን ተወረሰ፣ ማን ታጠቀው። ብረቱ ቢለወጥ እንኳ ይህ ጥሪት በቤቱ ይቀራል።