መድፍ ሰውን አይተካም፤ ከቁስጥንጥንያ እስከ መቅደላ

ስለ ጥንት ጦርነቶች ስንጨዋወት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ስንት ነፍጥ ነበረው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ነፍጡን ማን ሠራው? የያዘውስ ሰው ለምን ብሎ ጸና? እነዚህን ካልጠየቅን የባሩድን ዘመን ታሪክ አልተረዳነውም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመድፉ እንነሣ። በ1452 ኦርባን የተባለ የሀንጋሪ መድፍ ሠሪ ሙያውን ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለቆስጠንጢኖስ 11ኛ አቀረበ። የንጉሡ ግምጃ ቤት ግን ተራቁቶ ስለነበር የሚገባውን ደመወዝ ሊከፍለው አልቻለም። ባለሙያው ወደ ኦቶማኑ ሱልጣን ወደ መሐመድ 2ኛ ተሻገረ። በኤዲርኔ ያቀለጠው ግዙፍ መድፍ በበሬ እየተጎተተ ቁስጥንጥንያ ደጃፍ ደረሰ። ከተማይቱ በ1453 ከ53 ቀናት ከበባ በኋላ የወደቀችው በዚያ አንድ መድፍ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ሺህ ዓመት የተፈራው ግንብ የተናደው አስቀድሞ ለግንቡ ባለቤት በቀረበ ሙያ ነበር። አገር ባለሙያዋን ማኖር ሲያቅታት ሙያው ለሌላ ሲሳይ ይሆናል።

የእጅ ነፍጡ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተኳሽ ባሩዱን በአፈሙዙ አፍስሶ፣ የእርሳስ ጥይቱን በዘንግ ጠቅጥቆ፣ በሚጤስ ክር ይለኩሰው ነበር። ዝናብ ከጣለ ክሩ ይጠፋል። አንዱን ተኩሶ ሌላውን እስኪያጎርስ ፈረሰኛው ከራሱ ላይ ይደርሳል። ለዚህ ችግር መላ የተገኘው ከብረት ቀጥቃጭ ሳይሆን ከሥርዓት ነው። የናሳው መስፍን ዊለም ሎደዊክ በ1594 ለአጎቱ ልጅ ለሞሪስ በጻፈው ደብዳቤ የመጀመሪያው ረድፍ ተኩሶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ቀጣዩ እንዲተካው፣ ተኩሱም እንዳይቋረጥ ሐሳብ አቀረበ። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ጓደኛው አጠገቡ ሲወድቅ ረድፉን የማይለቅ ወታደር ግን የብዙ ወራት ልምምድ ውጤት ነው። የሚለማመድ ወታደር ደግሞ ደመወዙን በወቅቱ ይሻል። የኔዘርላንድ ሪፐብሊክ በዚህ የታወቀች ነበረች፤ ለሠራዊቱ የሚወጣውን ገንዘብ የሚያጸድቁትም የየክፍለ ሀገሩ ሸንጎዎች ነበሩ። እንግዲህ ከዚያ የተኩስ ረድፍ ጀርባ ግብር ከፋይና ሸንጎ ቆመው ነበር ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛም ምድር ነፍጥ የጦርነቱን ሚዛን ሲያናውጥ የታየው በዚያው መቶ ዓመት ነው። በ1541 በክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች ምጽዋ ወረዱ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በበኩላቸው ከኦቶማኖች 900 ያህል ነፍጠኞችና መድፎች አገኙ፤ በ1542 ወፍላ ላይ ድል አደረጉ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ከድሉ በኋላ ግን ኢማሙ 200 ያህሉን ብቻ አስቀርተው የቀሩትን የባዕድ ነፍጠኞች አሰናበቱ። በሌላ በኩል ከ100 የሚበልጡት የተረፉ ፖርቱጋላውያን እቴጌ ሰብለ ወንጌልንና ዐፄ ገላውዴዎስን ተጠግተው ለበቀል ተሰናዱ። በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ በጥይት ተመተው ሲወድቁ ሠራዊታቸው ተበተነ። ሁለቱም ወገኖች ነፍጡን ከነተኳሹ ከውጭ ያመጡ ስለነበሩ ተኳሹ ሲሄድ ኃይሉም አብሮ ሄደ።

ይህን ጉድለት አጥብቀው ከተረዱት ነገሥታት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። መድፍ ከመለመን መሥራት እንደሚሻል አምነው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን መድፍ አሠሯቸው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው። ንጉሡ ከወታደሮቻቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ከ1867 መገባደጃ እስከ 1868 መጋቢት ድረስ መቅደላ አደረሱት። የዚህን ሥራ ታላቅነት የሚክድ ፍርደ ገምድል ነው።

ነገር ግን መድፉ ሲገሰግስ ሠራዊቱ እየሟሸሸ ነበር። በደመወዝ ሊተዳደር የታሰበው ወታደር በገበሬው ጫንቃ ላይ ወድቆ ነበር። ጎንደር ተዘርፋ ተቃጥላለች። በየአውራጃው ሸፍጦ ያልተነሣ መኳንንት ጥቂት ነው። ጀኔራል ናፒየር ከባሕር ተነሥቶ ሲመጣ የትግራዩ ካሳ መንገዱን ለቀቁለት፤ ገበሬውም ስንቅ ሸጠለት። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 እሮጌ ላይ፣ በጀግናው ፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ጦር በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዞ፣ ከኋላው በሚጎርስና በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ በሚተኩስ ጠመንጃ ላይ ወረደ። ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዞች ወገን የሞቱት 2 ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። ዘውዱና የብራና መጻሕፍቱ ወደ እንግሊዝ ሲጋዙ ሴባስቶፖል እዚያው አምባው ላይ ቀረ።

አንዳንዶች «ያን ጊዜ የተሻለ ጠመንጃ ቢኖረን ኖሮ» እያሉ ይቆጫሉ። ቁጭቱ ይገባኛል። ሆኖም የመቅደላ ሽንፈት እሮጌ ላይ አልተጀመረም፤ የተጀመረው ገበሬው በገዛ ንጉሡ ወታደር ጎተራው የተገለበጠ ዕለት ነው። በባሩድ ዘመን የጸኑት መንግሥታት ባለሙያቸውን ያከበሩ፣ ወታደራቸውን ያለ ዝርፊያ ያኖሩ፣ ለግብሩም የሕዝባቸውን እሺታ ያገኙ ናቸው። መድፍ ግንብ ያፈርሳል፤ ሕዝብ ሲሸሽ ግን የሚመልስ መድፍ እስካሁን አልተሠራም። ሥልጣን ላይ ያለውም፣ ሥልጣንን የሚመኘውም ይህን ልብ ይበል።