ጠቋሚ ፕሮቲን

ጠቋሚ ፕሮቲን የሚባለው በመገኘቱ፣ በመጠኑ ወይም በተቀመጠበት ቦታ ስለ አንድ በሽታ የሚነግረን ፕሮቲን ነው። መጠቆም ግን የሕክምና ዒላማ መሆን አይደለም፤ ለታመመ ውሻ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በውሾች ቆዳ ላይ ከሚወጡት አደገኛ ዕጢዎች በብዛት የሚታየው የማስት ሴል ዕጢ ነው፤ ቦክሰርና ፐግ የተባሉት ዝርያዎች ይበልጥ ይጠቃሉ። ማስት ሴል በሚባለው የሰውነት መከላከያ ሕዋስ ገጽ ላይ ኪት የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን አለ። በጤናማ ሕዋስ ላይ ከውጭ መልእክት ሲደርሰው ብቻ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። በአንዳንድ ዕጢዎች ግን ጂኑ ስለተለወጠ፣ መልእክት ሳይመጣለት ሌት ተቀን ያዛል። እዚህ ላይ ኪት በሽታውን ከመጠቆም አልፎ ራሱ ይነዳዋል፤ ዒላማ ያደረገውም ይኸው ነው። ቶሴራኒብ የተባለው ክኒን ይህን ትእዛዝ ያግዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ በዚያች አገር በተለይ ለውሾች ካንሰር ተሠርቶ የጸደቀ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ፤ ለእንስሳት ሕክምና ትልቅ እርምጃ ነበር።

ኪ-67 የተባለው ፕሮቲን ግን ሌላ ነው። ሕዋሳቱ ምን ያህል እየተባዙ እንደሆነ ይናገራል፤ ሐኪሙ የዕጢውን ክፋት ይመዝንበታል እንጂ ክኒን አያነጣጥርበትም። ኪትም ቢሆን ከሕዋሱ ጠርዝ ለቆ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ከታየ፣ ዕጢው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ይጠቁማል።