የአንሶላ መገመድ

የአንሶላ መገመድ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የገባ አንሶላ፣ የኮምፈርት ልብስ ወይም ሌላ ሰፊ ጨርቅ ሲታጠብና ሲጨመቅ በራሱ ላይ እየተጠመዘዘ እንደ ገመድ የሚከርበት፣ አለዚያም እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ሌሎች ልብሶችን በሆዱ የሚይዝበት ሁኔታ ነው። በየቤቱ ሁለቱም «ተጠላለፈ» ተብለው ይታለፋሉ፤ መነሻቸው ግን አንድ አይደለም። ገመዱን የሚሠራው የማሽኑ አዙሪት ነው። ኳሱን የሚሠራው የጨርቁ ቅርጽ፣ በተለይም ላስቲኩና ክፍት የቀረው አፉ ነው። ስለዚህ ለገመዱ የሚበጀው ዘዴ ለኳሱ ላይበጅ ይችላል።

ጉዳቱ እየጎተቱ ለመፍታት በሚጠፋው ጊዜ አያበቃም። በተገመደ አንሶላ መሃል ውሃና ሳሙና እንደልብ አይመላለሱም፤ ውጩ ታጥቦ ውስጡ እንደነበረ ይቀራል፣ ወይም ውስጥ የገባው ሳሙና ሳይለቀለቅ ይደርቃል። በአልጋ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይሞታሉ። አስም ያለበትን ሰው የሚያስቸግረው ግን በአብዛኛው ኩሳቸው ስለሆነ ሙቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው በጨርቁ ውስጥ አልፎ ጠርጎት መውጣት አለበት። የተገመደ አንሶላ ደግሞ ይህን መንገድ ይዘጋበታል።

እንዴት ይገመዳል?

አንሶላ በእጅ ሲታጠብ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዝዙታል። ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ጨርቁ ይከራል። አንደኛው ጫፉን ሲለቅ ገመዱ እየተሽከረከረ ይፈታል። ማሽኑ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአንሶላው አንድ ወገን ከድራሙ ጋር ይዞራል፤ ሌላው ወገን በሌሎች ልብሶች ክብደት ተይዞ ወደኋላ ይቀራል። እያንዳንዱ ዙር አንድ ጥምዝ ይጨምርበታል፣ ጫፉን የሚለቅ ሰው ግን የለም።

አብዛኞቹ ማሽኖች በእጥበት ጊዜ ጥቂት ዞረው፣ ቆም ብለው፣ ወደ ተቃራኒው የሚዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህንን ጥምዝ ለመመለስ ነው። ዘዴው ይረዳል እንጂ አይጨርሰውም። ማሽኑ አቅጣጫ ሲቀይር የጨርቁ አቀማመጥም ይቀየራል፤ ቀድሞ ተይዞ የነበረው ጫፍ ይለቀቅና ሌላ እጥፋት በቦታው ይያዛል። የመጣበትን መንገድ ተከትሎ አይፈታም። ጥጥ ሲረጥብ መክበዱና መጣበቁ ደግሞ አንዴ የተፈጠረውን ጥምዝ ባለበት ያጸናዋል።

ርዝመትም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ዶሪያን ሬይመርና ዳግላስ ስሚዝ ገመድ በሳጥን ውስጥ ጥለው ሳጥኑን በማሽከርከር ስንት ጊዜ እንደሚቋጠር ቆጠሩ። ሳጥኑ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በሴኮንድ አንድ ዙር፣ በጠቅላላው 10 ዙር ይዞራል። ሙከራው 3,415 ጊዜ ተደገመ። ከ46 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ገመድ አንድም ጊዜ አልተቋጠረም፤ ወደ 1.5 ሜትር እየረዘመ ሲሄድ ግን የመቋጠሩ ዕድል በፍጥነት አደገ። 120 ዓይነት ቋጠሮም ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች በ2008 መጀመሪያ አስቀው ከዚያ ለሚያሳስቡ ጥናቶች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ወሰዱ። አንሶላ ገመድ ባይሆንም ትምህርቱ ይሠራለታል። ካልሲ ከካልሲ ጋር ሲቋጠር የማይታየው አጭር ስለሆነ ነው። በአዲስ አበባ አልጋ በወርዱ ይጠራል፤ ባለ 1.20፣ ባለ 1.50፣ ባለ 1.80 ይባላል። የባለ 1.80 አልጋ አንሶላ በየጎኑ ከ2 ሜትር ያልፋል፣ የሚገባበት ድራም ግን ከጎን ወደ ጎን ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ከዚሁ ሙከራ ሌላም ነገር ይወሰዳል። ገመዱ በጠባብ ቦታ ሲታጨቅ የመቋጠሩ ዕድል ቀነሰ፤ መንቀሳቀሻ አጣና። ድራሙን አጥብቆ የሞላ ሰው አንሶላው ብዙም ሳይገመድ ሊያወጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ እንዲህ የታጨቀ አንሶላ አለመታጠቡ ነው።

እንደ ማሽኑ ዓይነት

በመሃሉ ምሰሶ ያለው፣ ከላይ የሚከፈተው ማሽን የአሜሪካኖች የቆየ ምርጫ ነው። ሜይታግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 ከጋኑ ሥር የሚነሳ መናጫ ያለው ማሽን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ አሠራር ለብዙ አሥርት ዓመታት ነግሦ ቆይቷል። አንሶላ በዚህ ማሽን ሲታጠብ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል፤ ከረር ካለም ስፌቱን ይተረትራል። ምሰሶ የሌለው፣ ከሥሩ በሚሽከረከር ሳህን የሚሠራው ደግሞ የባሰ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳህኑ ከሥር ያለውን ጨርቅ ሲያዞር ላይኛው ወደኋላ ይቀራል፤ ይህም በሁለት እጅ ከመጠምዘዝ አይለይም።

ከፊት የሚከፈተው፣ ድራሙ ተጋድሞ የሚዞረው ማሽን ጨርቁን ወደ ላይ አንስቶ ይጥለዋል። ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ያቀረበው አውቶማቲክ ማሽን የዚህ ወገን ነበር። ሲወድቅ የሚዘረጋ ጨርቅ ብዙ አይከርም። ባለ ላስቲክ አንሶላን የሚያንከባልልና ኳስ የሚያደርገው ግን ይኸው ማሽን ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ቤት የገባው ሰሚ አውቶማቲኩ ነው፤ ማጠቢያውና መጭመቂያው ጎን ለጎን የተለያዩበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶ በባልዲ ቀድቶ መሙላት ስለሚቻል ተወዷል። በአንዳንዶቹ ላይ «ጠንካራ» የሚለው ምርጫ ሳህኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዞረዋል፤ ለአንሶላ ከዚህ የሚብስ የለም። ያም ሆኖ ይህ ርካሽ ማሽን ውድ ከሆነው የሚበልጥበት ነገር አለው። በእጥበቱና በጭመቃው መሃል የሰው እጅ ይገባል። አንሶላው ከማጠቢያው ሲወጣ ተፈትቶ፣ ተራግፎ፣ በመጭመቂያው ውስጥ ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ከተደረደረ፣ ከላዩም የፕላስቲክ መክደኛው ከተጫነበት፣ የተገመደ ነገር ሳይኖር ጭመቃው ያልቃል። አውቶማቲኩ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ሰው ራሱ «አቁም» የሚለውን ካልተጫነው በቀር።

ባለ ላስቲክ አንሶላ

በአራት ማዕዘኖቹ ፍራሹን የሚያቅፍ አንሶላ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊቷ በርታ በርማን እ.ኤ.አ. በ1959 ለዚህ ዓይነት አንሶላ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝታለች። አልጋ ላይ በጎ የሆነው ቅርጽ ማሽን ውስጥ ጠላት ነው። ማዕዘኖቹ ኪስ ይሆናሉ፣ ኪሱ ውሃና አየር ይይዛል፣ ላስቲኩ ደግሞ አፉን ይሰበስበዋል። ከዚያ የትራስ ልብሱ፣ ካልሲው፣ የልጁ ካናቴራ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ መውጫ ግን የለም። የኮምፈርት ልብስም አፉ ክፍት ከቀረ ይህንኑ ያደርጋል። ቁልፉን ቆልፎ ወይም ዚፑን ዘግቶ ማስገባት ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ሲሆን ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እሱኑ ነው።

ለባለ ላስቲኩ ግን የሚቆለፍ ነገር የለም። አንዳንዶች እያንዳንዱን ማዕዘን ላላ አድርገው ይቋጥሩታል፤ ኪሱን ይዘጋል፣ ቋጠሮው ያለበት ቦታ ግን በደንብ አይታጠብም። ዋድ-ፍሪ የሚባል የአሜሪካ ምርት የአንሶላውን አራት ማዕዘኖች በአንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ያሲዛል፤ ማዕዘኖቹ እዚያው ተይዘው ስለሚቆዩ አንሶላው ለመጠቅለል ነጻ ጫፍ ያጣል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አንድ ጥንድ አንሶላ ብቻ የሚያጥብ ቤት ግን መሃል ላይ ማሽኑን አቁሞ በእጁ ቢያራግፈው ያው ውጤት ያገኛል።

ጭመቃና ሚዛን

የተገመደ አንሶላ ለማሽኑም አደጋ ነው። ውሃ የጠጣ ጥቅልል በአንድ ወገን ከተቀመጠ ድራሙ ሚዛኑን ይስታል። በደቂቃ 1,200 ዙር በሚዞር ድራም ውስጥ፣ ከመሃሉ 24 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ 1 ኪሎ ግራም እርጥብ ጨርቅ ግድግዳውን የሚገፋው ወደ 390 ኪሎ ግራም ክብደት ባለው ኃይል ነው። በ800 ዙር ወደ 170 ይወርዳል። ፍጥነቱ በሲሶ ሲቀንስ ግፊቱ ከግማሽ በታች የሚሆነው ኃይሉ የሚያድገው ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሆነ ነው። ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች በውስጣቸው የኮንክሪት ወይም የብረት ማመዛዘኛ የሚሸከሙት ይህን ንዝረት ለመቋቋም ነው። ዘመናዊዎቹ መዛባቱን ሲለዩ ዝግ ብለው ልብሱን ለመበተን ይሞክራሉ፤ ካልሆነላቸው ጭመቃውን ይተዉታል። አንሶላው ውሃ እንዳንጠባጠበ የሚወጣው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ እንጂ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ጠጋኝ ከመጥራት በፊት ጥቅልሉን ፈትቶ ጭመቃውን ብቻ መድገም ይበቃል።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የሳምሰንግ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ኩባንያው በአሜሪካ ከላይ የሚከፈቱ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ማሽኖችን አስመልክቶ ከመንግሥት የሸማቾች ደህንነት ኮሚሽን ጋር የምርት ማስመለሻ ጥሪ አወጣ፤ በጭመቃ ጊዜ ክዳናቸው ሊነቀል ይችል ነበርና። የመንጋጋ ስብራትን ጨምሮ 9 የጉዳት ሪፖርቶች ቀርበው ነበር። ለባለቤቶቹ የተነገረው ጊዜያዊ ጥንቃቄ የአልጋ ልብስን፣ ግዙፍ ልብሶችንና ውሃ የማያስገቡትን በዝቅተኛ የጭመቃ ፍጥነት ማጠብ ነበር።

ምክሮች የሚጋጩትም እዚሁ ላይ ነው። ሚዛንን የሚያስቡ መመሪያዎች ትልቁንና ትንሹን ልብስ ቀላቅል ይላሉ፤ ትንንሾቹ ክፍተቱን ሞልተው ክብደቱን ያከፋፍላሉና። መገመድን የሚያስቡ ደግሞ አንሶላን ለብቻው እጠብ ይላሉ፤ ትንንሾቹ የሚጠቀለለው ኳስ እምብርት ይሆናሉና። ሁለቱም እውነት አላቸው። አስታራቂው መንገድ ሁለት ተመጣጣኝ አንሶላዎችን ከነትራስ ልብሳቸው አንድ ላይ ማጠብ ነው። አንድ አንሶላ ብቻውን ሚዛን ያጣል። ፎጣ ከአንሶላ የበለጠ ውሃ ስለሚጠጣ ከእሱ ጋር አይስማማም፤ ካልሲ ደግሞ ከነጭራሹ መግባት የለበትም።

አጫጫን

በአንዳንድ የአውሮፓ ማሽኖች መመሪያ ውስጥ አንድ አንሶላ 500 ግራም፣ የኮምፈርት ልብስ 700፣ የትራስ ልብስ 200 ግራም ተብሎ ይሰላል። በዚህ ስሌት 7 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን 14 አንሶላ ይችላል ማለት ነው፤ ሞክሮ ያየ ሰው ግን በስሌቱ አያምንም። ለሰፊ ጨርቅ የሚያዋጣው መለኪያ ቦታው ነው። ከልብሱ በላይ አንድ መዳፍ ተጋድሞ ካልገባ ድራሙ ሞልቷል።

ታጥፎ ወይም ተጠቅልሎ የገባ አንሶላ እንደተጠቀለለ ይዞራል። መሃሉን ይዞ ማንጠልጠልና ላላ አድርጎ እያጣጠፉ እንደ አኮርዲዮን ማስገባት ይሻላል፤ ሁለተኛው የሚገባው የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ ነው። ምሰሶ ባለው ማሽን አንዱ አንሶላ በአንድ ወገን፣ ሌላው በተቃራኒው ይቀመጣል እንጂ ምሰሶውን አይዞርም። የአልጋ ልብስ ፕሮግራም ካለ እሱን፣ ከሌለም አጭር እጥበትና ከ800 ዙር ያልበለጠ ጭመቃ መምረጥ ነው። ማለስለሻ የጨርቁን መጣበቅ ጥቂት ይቀንሳል፤ አዙሪቱን ግን አያስቀረውም።

ጋቢ ከአንሶላ ይለያል። አራት እጥፍ በመሆኑ በቀላሉ አይከርም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ለትንሽ ማሽን ከባድ ጭነት ነው፣ በአንድ ወገን ከተከመረም ድራሙን ያናውጠዋል። ነጠላ በተቃራኒው ስስ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ ከሌላ ልብስ ቁልፍና ዚፕ ጋር ስለሚያያዝ በመረብ ከረጢት ውስጥ ቢታጠብ ይመረጣል። ጋቢ ማሽን ከገባ ለብቻው፣ በዝቅተኛ ጭመቃ ይታጠባል። ሲወጣ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይይዙታል፤ አሁን ግን አይጠመዝዙትም፣ ወጥረው አራግፈው ያሰጡታል።