ዕጣው ከመውጣቱ በፊት

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዕጣ ነው።

እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሦስት ዓሣ አጥማጆች አብረው ሠርተው ያገኙትን ቆሮሶ በሦስት መደብ ከፈሉት እንበል። አንደኛው መደብ በለጥ ያለ ነው። «በቃ፣ ዕጣ እንጣል» ተባባሉ። በሦስት ብጣሽ ወረቀት ላይ ሀ፣ ለ፣ መ ብለው ጻፉና አጣጠፉ። ሀ የደረሰው ሰው ትልቁን መደብ ይወስዳል። ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሣ። «እኔ ልቅደም! ኋላ የሚያወጣ ትራፊ ነው የሚደርሰው» አለ አንዱ። እውነት መቅደም ይጠቅማል? በእንዲህ ያለ ነገር ወዳጅ ከወዳጁ ይቀያየማልና መልሱን እንፈልግ።

ለዚህ መማማል አያስፈልግም፤ መቁጠር ይበቃል። ወረቀቶቹ ተራ በተራ ሊወጡ የሚችሉበትን መንገድ ሁሉ እንጻፍ፦

ሀለመ፣ ሀመለ፣
ለሀመ፣ መሀለ፣
ለመሀ፣ መለሀ።

ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛ የለም። ይህን «ሙሉ ዝርዝር» እንበለው። ከዝርዝሩ ውስጥ እኛ የምንፈልገው ነገር ደግሞ «ኩነት» ይባላል። ለምሳሌ «ሀ መጀመሪያ ወጣ» ማለት አንድ ኩነት ነው። አሁን ቁጠሩ። ሀ መጀመሪያ የወጣው ስንት ጊዜ ነው? 2 ጊዜ። መካከል ላይስ? 2 ጊዜ። መጨረሻስ? እሱም 2 ጊዜ። እንግዲህ ወረቀቱ በደንብ ከታጠፈና ማንም ካላየው፣ የቀደመውም የተከተለውም ዕድላቸው እኩል ነው።

ዕጣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። በትንቢተ ዮናስ መርከበኞቹ ማዕበሉ በማን ምክንያት እንደመጣ ለማወቅ ዕጣ እንደጣሉና ዕጣው ለዮናስ እንደወጣ ተጽፏል። ነገር ግን ብዙ ሰው ለረጅም ዘመን የወጣውን ይቀበል ነበር እንጂ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ አይቆጥርም ነበር።

በጣሊያን አገር ጄሮላሞ ካርዳኖ የሚባል ሐኪም ነበር። ቁማር ይወድ ነበር። ስድስት ፊት ያላቸው ሁለት የመጫወቻ ጠጠሮች ሲጣሉ ሊሆን የሚችለው 36 ዓይነት እንደሆነ ቆጥሮ ጻፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1576 ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1663 ነው። በ1654 ደግሞ ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ደብዳቤ ተጻጻፉ። ጥያቄያቸው «ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ እንዴት በትክክል ይካፈል?» የሚል ነበር። እንደ ዓሣ አጥማጆቻችን፣ የእነሱም ነገር የድርሻ ነገር ነው። ፕሮባቢሊቲ የሚባለው ትምህርት ከዚያ ወዲህ እያደገ መጣ።

አዋቂም ይሳሳታል። 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት የዐፄ ምኒልክ ብር በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው ፊቱ አንበሳ አለበት። «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» የምንለው ጨዋታ ይህንን ይመስላል። ብሩን ሁለት ጊዜ ብንወረውር ሙሉ ዝርዝሩ እነሆ፦

ዘውድ ዘውድ፣
ዘውድ ጎፈር፣
ጎፈር ዘውድ፣
ጎፈር ጎፈር።

ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የሚታየው ከ4ቱ በ3ቱ ነው። ዳላምቤር የተባለ ታላቅ የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1754 ባሳተመው ጽሑፍ «ዘውድ መጀመሪያ ከወጣ ጨዋታው አልቋል፤ ሁለተኛ መወርወር ምን ያደርጋል?» በሚል ሐሳብ ሁለቱን መስመሮች እንደ አንድ ቆጠረ። ስለዚህ ከ3 በ2 ነው አለ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፦ እኩል ያልሆኑትን እኩል አደረገ። ዝርዝሩ ከጎደለ ፍርዱም ይጎድላል።

ይህ ትምህርት ከኪሳችንም ይገባል። 12 ሰዎች ዕቁብ ጠጡ እንበል። በመጀመሪያው ወር ዕድላችሁ ከ12 አንድ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ስሙ ስለሚወጣ በሚቀጥለው ወር ከ11 አንድ፣ ከዚያም ከ10 አንድ ይሆናል። ዝርዝሩ እያጠረ ሄዶ የመጨረሻው ሰው ያለ ጥርጥር ይደርሰዋል። በዕቁብ «እስካሁን ቀረብኝ፣ አሁን ተራዬ ቀርቧል» ማለት እውነት ነው።

ሎተሪ ግን እንዲህ አይደለም። በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሎተሪ በወጣ ቁጥር ዝርዝሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። ዕጣው ባለፈው ማን እንደከሰረ አያስታውስም። «ሦስት ጊዜ ስለቀረብኝ ዘንድሮ አይቀርልኝም» ብሎ የልጆቹን የደብተር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ዕቁብንና ሎተሪን አምታቷል።

እናቶቼና አባቶቼ፣ ትናንት ሀ፣ ለን ስትማሩ ለደብዳቤና ለፊርማ ብቻ መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ በዚያው ፊደል የዕጣ ጭቅጭቅ ዳኝታችኋል። የቤት ሥራችሁ ይኸው፦ አንድ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ቢወረወር ሙሉ ዝርዝሩን ጻፉ። 8 መስመር ካልሞላ የተረሳ አለና ደግማችሁ ፈልጉ።

ደህና ሁኑ።