ዩኒቨርሲቲዎችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች በጤና ባለሙያዎች ሥልጠና የሚያደርጉት ትብብር

በገጠር የሚኖር ቤተሰብ ልጁ በተቅማጥ ወይም በወባ ሲታመምበት በቅድሚያ የሚያገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን፣ ነርስን ወይም ጤና መኮንንን ነው። ስለሆነም እነዚህ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት የትምህርት ይዘት ጤና ጣቢያ ላይ በየዕለቱ ከሚያጋጥማቸው ችግር ጋር የተጣጣመ መሆን ይኖርበታል። ዩኒቨርሲቲዎች ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር የሚተባበሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሥራ ክፍፍል

በእንዲህ ዓይነቱ ትብብር ተማሪዎችን የመቀበል፣ የማስተማር፣ የመመዘንና የማስመረቅ ኃላፊነት የዩኒቨርሲቲው ነው። ድርጅቱ በበኩሉ ለመምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና፣ ለመማሪያ ጽሑፎች ዝግጅትና ኅትመት እንዲሁም ለመለማመጃ መሣሪያዎች ድጋፍ ያደርጋል። ድርጅቱ ሥራውን አጠናቅቆ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ የሚቀረው የሠለጠኑት መምህራንና የተዘጋጁት ጽሑፎች በመሆናቸው የትብብሩ ዘላቂ ጥቅም የሚለካው በእነዚሁ ነው።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የማሰማራት አሠራር በአገራችን የቆየ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በጋራ እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር።

ይህን መሠረት ካጠናከሩት ትብብሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ኢኒሼቲቭ ነው። በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና በባለቤታቸው የተመሠረተው ካርተር ማዕከል ከጤናና ከትምህርት ሚኒስቴሮች እንዲሁም ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐሮማያና ሐዋሳን ጨምሮ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሠርቷል። ጽሑፎቹን ያዘጋጁት በየዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩት ኢትዮጵያውያን መምህራን ናቸው። በዚህም ከ200 በላይ የመማሪያ ጽሑፎች ተዘጋጅተዋል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ለመንግሥት ተላልፏል።

የመማሪያ ጽሑፎቹ አደረጃጀት

ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ በሽታ፣ ስለ ሳምባ ምችና ስለ ትራኮማ የተዘጋጁት ሞጁሎች ሁሉም ባለሙያዎች በጋራ የሚማሩት ዋና ክፍል አላቸው። ከዚህ ቀጥሎ ለጤና መኮንን፣ ለነርስ፣ ለአካባቢ ጤና ባለሙያና ለላቦራቶሪ ቴክኒሺያን በየሙያቸው የተለዩ ክፍሎች ይገኛሉ። በመሆኑም ስለ ተቅማጥ ሲማሩ ጤና መኮንኑ በሕፃኑ ምርመራና ሕክምና፣ ነርሷ በእንክብካቤው፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው በናሙና ምርመራ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ደግሞ በውኃና በመጸዳጃ ንጽሕና ላይ ያተኩራሉ። አንዱ ባለሙያ የሌላውን ድርሻ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሕመምተኛውን ወደሚመለከተው ክፍል በወቅቱ ለመላክ ይረዳዋል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የተግባር ልምምድ በማስተማሪያ ሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ስለሚካሄድ ተገልጋዮች በተማሪዎች ሊታዩ ይችላሉ። በሕክምና ሥነ ምግባር መሠረት፦

• ተማሪው ማንነቱንና ተማሪ መሆኑን ለተገልጋዩ መግለጽ ይጠበቅበታል።

• ተማሪው የሚሠራው በተመደበለት ባለሙያ ክትትል ሥር ሲሆን፣ ለሕክምናው ኃላፊነት የሚወስደው ይኸው ባለሙያ ነው።

• ተገልጋዩ ምርመራው በኃላፊው ባለሙያ እንዲከናወንለት ወይም ባለሙያው በቦታው እንዲገኝለት መጠየቅ ይችላል። በተማሪ ለመታየት ፈቃደኛ አለመሆን አገልግሎት ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

• ለተማሪው የተነገረ የሕመም ታሪክ እንደማንኛውም የሕክምና መረጃ በምስጢር ይያዛል።

ቅሬታ ያለው ተገልጋይ በቅድሚያ አገልግሎቱን ላገኘበት ተቋም አስተዳደር ወይም ቅሬታ ሰሚ ክፍል ማቅረብ ይችላል።