ቁጥር በችሎት ፊት

ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት «ነምበርስ» የተሰኘውን የወንጀል ምርመራ ድራማ ጃንዋሪ 23 ቀን 2005 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ማሳየት በጀመረ ጊዜ፣ ሽጉጥና ማሳደድ የለመደው ተመልካች ጠመኔ ይዞ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚጨነቅ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ቀረበለት። ኒኮላስ ፋላቺና ሼሪል ሂውተን የተባሉት ባልና ሚስት በደረሱት በዚህ ድራማ ውስጥ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ባልደረባ የሆነው ዶን ኤፕስ ነገሩ በጨለመበት ቊጥር የሚሄደው ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ ፕሮፌሰር ቻርሊ ነው፤ ቻርሊም ከአባታቸው ጋር በሚኖርበት ቤት ተቀምጦ የወንጀለኛውን ዱካ በቀመር ይከታተላል። ድራማው እስከ ማርች 12 ቀን 2010 ድረስ በ6 ምዕራፍ 118 ክፍሎች የታየ ሲሆን፣ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ሒሳብ የይስሙላ እንዳይሆን የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሒሳብ መምህር የነበሩት ጋሪ ሎርደን በአማካሪነት ይረዱ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የደራሲ ፈጠራ አድርጎ ቢመለከተውም፣ ቁጥርን ለወንጀል ምርመራ መገልገል ከድራማው በፊት መቶ ሰባ ዓመት ያህል የኖረ ሙያ ነው፤ ያም ዘመን ሁሉ የክብር ዘመን አልነበረም።

ቤልጂጋዊው የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1835 ስለ ሰው ጠባይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ ያወጣ የነበረውን የወንጀል መዝገብ መርምሮ፣ የነፍሰ ገዳዮቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን በጥይት፣ በቢላዋ ወይም በዱላ የተገደሉት ሰዎች መጠን እንኳ ከዓመት ዓመት እምብዛም እንደማይለዋወጥ ባመለከተ ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት ተደነቁ፤ አንዳንዶቹም የሰው ፈቃድ ነጻነቱ ወዴት አለ ብለው ደነገጡ። ድንጋጤያቸው ግን ያለ ቦታው ነበር፤ ምክንያቱም ስለ ብዙኃን እውነት የሆነው ነገር በአንዱ ሰው ላይ ፍርድ ሊሆን አይችልምና። ከዚያ ወዲህ በችሎት የደረሰው በደል አብዛኛው የመነጨው ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

በ1879 በፓሪስ የፖሊስ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የተቀጠረው አልፎንስ በርቲዮን፣ ስማቸውን እየለዋወጡ የሚመላለሱትን ወንጀለኞች ለይቶ ለማወቅ፣ የራስ ቅላቸውን ርዝመትና ስፋት፣ የግራ እግራቸውን፣ የመካከለኛ ጣታቸውንና የክንዳቸውን ልክ ጨምሮ 11 ዓይነት መጠን እየለካ በካርድ መመዝገብ ጀመረ። ሁለት ሰዎች በአንዱ ልክ የመገጣጠማቸው ዕድል ከ4 አንድ ከሆነ፣ በ11ዱም የመገጣጠማቸው ዕድል ከ4 ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም የሚል ነበር መሠረቱ፤ በ1883ም ሐሰተኛ ስም ይዞ የቀረበ አንድ ወንጀለኛ በዚሁ ዘዴ ተለይቶ በመታወቁ የበርቲዮን ዝና ከአገር አገር ተሰማ። ይሁን እንጂ ዕድልን በዕድል ማባዛት የሚፈቀደው አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ዝምድና ሳይኖረው ሲቀር ብቻ ነው፤ ቁመተ ረጅም የሆነ ሰው ደግሞ ክንዱም መርዘሙ ተፈጥሮ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1888 ባቀረበው ጥናት የቁመትንና የክንድን ዝምድና በቁጥር ለክቶ ባሳየ ጊዜ፣ የዚያ የማባዛት ሒሳብ መሠረቱ እንደ ተናጋ ግልጽ ሆነ። ጋልተን ራሱ ወደ ጣት አሻራ ጥናት አዘነበለ፤ የሰውነት ልክም ውሎ አድሮ ስፍራውን ለአሻራ ለቀቀ።

የበርቲዮን ስሕተት በልክ ካርድ ላይ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1894 በፓሪስ ከጀርመን ኤምባሲ የቆሻሻ ቅርጫት የተገኘ የተቀዳደደ ደብዳቤ የፈረንሳይ ጦር ምስጢር መሸጡን ባጋለጠ ጊዜ፣ ጥርጣሬው በአይሁዳዊው የመድፈኛ ሻምበል በአልፍሬድ ድሬይፉስ ላይ ወደቀ፤ የእጅ ጽሕፈት ሊቅ ያልነበረው በርቲዮንም ጽሕፈቱን መርምር ተብሎ ተጠራ። እርሱም የጽሕፈቱ መመሳሰል የድሬይፉስን እጅ ያመለክታል፣ አለመመሳሰሉም ድሬይፉስ ሆነ ብሎ የራሱን ጽሕፈት አስመስሎ በመጻፉ ነው ሲል መሰከረ፤ እንግዲህ የሚመሳሰለውም የማይመሳሰለውም እኩል በደለኛ ካደረገው፣ ተከሳሹ በምን ይድናል? ድሬይፉስ ተፈረደበት፤ በጃንዋሪ 1895 በሕዝብ ፊት መዓርጉ ተገፎ ሰይፉ ተሰበረ፤ ወደ ዲያብሎስ ደሴትም ተጋዘ።

ጉዳዩ በ1899 በሬን ከተማ እንደገና ሲታይ፣ የዘመኑ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ኦንሪ ፖዋንካሬ የጻፈው ደብዳቤ በችሎቱ ተነበበ። በርቲዮን ከቆሻሻ ቅርጫት በተገኘው ደብዳቤ ላይ ከመረመራቸው 26 የቃላት ጫፎች ውስጥ 4ቱ እርሱ ካሰመረው መስመር ጋር መግጠማቸውን አይቶ፣ የአንዱ መገጣጠም ዕድል ከ10 ሁለት ነው ብሎ አራቱን በማባዛት፣ ነገሩ በአጋጣሚ ሊሆን የሚችለው ከ10,000 ጊዜ 16 ጊዜ ብቻ ነው የሚል ውጤት ላይ ደርሶ ነበር። ፖዋንካሬ ያመለከተው ስሕተት ለተማሪ እንኳ ግልጽ የሆነ ነው፤ ያ ስሌት 4 ተመርምሮ 4ቱም ሲገጥሙ የሚሠራ ነው፤ 26 ተመርምሮ ግን በአጋጣሚ ብቻ 5 ያህል መግጠማቸው የሚጠበቅ ነገር ነው። ዳኞቹ ግን እውነትን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑና ድሬይፉስን ዳግመኛ በደለኛ አሉት፤ ከእስራት የወጣው በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ነው። በ1904 ዳርቡ፣ አፔልና ፖዋንካሬ የተባሉት ሦስት ሊቃውንት የበርቲዮንን ሥራ መስመር በመስመር መርምረው ዋጋ ቢስ መሆኑን ለሰበር ችሎት አስረዱ፤ ጁላይ 12 ቀን 1906 ፍርዱ ተሻረ። በእኔ አስተያየት የፕሮፌሰር ቻርሊ እውነተኛ አባት፣ ወንጀለኛን ያሳደደ መርማሪ ሳይሆን፣ ለማያውቀው እስረኛ ብሎ የሌላውን ስሌት ያረመው ፖዋንካሬ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶም ስሕተቱ ተደገመ፤ የተደገመውም ድራማው በሚተረክባት በሎስ አንጀለስ ነው። በ1964 ከአንዲት አሮጊት ቦርሳ የነጠቀች ጠጕረ ወርቃማ ሴትና በቢጫ መኪና ይዟት የሄደ ጺማም ጥቁር ሰው ናቸው ተብለው አንድ ባልና ሚስት በቀረቡ ጊዜ፣ ዐቃቤ ሕጉ አንድ የሒሳብ መምህር ምስክር አድርጎ ጠርቶ፣ ቢጫ መኪና ከ10 አንድ፣ ወርቃማ ጠጕር ከ3 አንድ፣ እያለ ከራሱ ግምት ያመጣቸውን ቁጥሮች በማባዛት፣ እንዲህ ያለ ጥንድ የመገኘቱ ዕድል ከ12 ሚሊዮን አንድ ነው አለ፤ የዳኝነት ሸንጎውም አመነ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 ፍርዱን ሲሽር፣ ቁጥሮቹ ማስረጃ የሌላቸው መሆናቸውን፣ ጺምና ሪዝ ተለያይተው እንደማይቈጠሩ ከገለጸ በኋላ፣ የዐቃቤ ሕጉ ስሌት ትክክል ቢሆን እንኳ በዚያ አካባቢ ሌላ ተመሳሳይ ጥንድ የመኖሩ ዕድል ከመቶ 41 ያህል መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ዳኞች በሒሳብ ሳይሸበሩ ሒሳቡን ራሱን በሒሳብ የመረመሩበት ይህ ውሳኔ በሕግ ተማሪ ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው።

የድራማው የመጀመሪያ ክፍል የተመሠረተው ከዚህ ሁሉ በኋላ በመጣ፣ ይበልጥ ትሑት በሆነ ጥበብ ላይ ነው። በካናዳ የቫንኩቨር ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ኪም ሮስሞ፣ ወንጀለኛ ከቤቱ ደጃፍ እጅግ እንደማይቀርብ፣ እጅግም እንደማይርቅ በማስተዋል፣ ወንጀሎቹ ከተፈጸሙባቸው ስፍራዎች ተነሥቶ መኖሪያው ሊሆን የሚችለውን ሰፈር የሚያመለክት ቀመር አወጣ፤ በ1995ም በዚሁ ጥናት የዶክተርነት መዓርግ ተቀበለ። ቻርሊ ይህን ለወንድሙ ሲያስረዳ፣ እየዞረ ውኃ ከሚረጭ የአትክልት ማጠጫ የሚቀጥለው ጠብታ የት እንደሚወድቅ ማወቅ ባይቻልም፣ ከጠብታዎቹ አወዳደቅ ማጠጫው የቆመበትን ስፍራ ማግኘት ይቻላል ይላል። የመጀመሪያው ስሌቱ ሳይሠራ ሲቀርም፣ ሰው ከቤቱ ብቻ ሳይሆን ከሥራ ቦታውም ሊነሣ እንደሚችል ተረድቶ መነሻ ሐሳቡን ያርማል። ደራሲዎቹ እጅግ የሚመሰገኑት በዚህ ነው፤ ሊቁ ሲሳሳት አሳይተዋልና።

በእውነተኛው ዓለምም በሉዊዚያና ግዛት በላፋዬት ከተማ፣ ከ1984 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሴቶችን ይደፍር የነበረ ሰው ሳይያዝ በቀረ ጊዜ፣ ፖሊሶቹ ሮስሞን ጠሩት፤ ቀመሩም አንድን ሰፈር አመለከተ። ከዚያ በኋላ በጥቆማ የተጠረጠረው ሰው ራሱ የሕግ አስከባሪ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሚኖረው ከተመለከተው ሰፈር ውጭ ሲሆን፣ ወንጀሎቹ በተፈጸሙበት ዘመን ግን መኖሪያው በዚያው ሰፈር ውስጥ እንደ ነበረ ታወቀ። በደለኛነቱን ያረጋገጠው ከጣለው የሲጋራ ቁራጭ የተገኘው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው፤ ቀመሩ የፍለጋውን ክልል አጠበበ እንጂ በማንም ላይ አልመሰከረም።